ግሌንዳ ጃክሰን በቴሌቪዥን መስኮት

ግሌንዳ ጃክሰን ጁን 15 ቀን 2023 በ87 ዓመቷ ለንደን በሚገኘው ቤቷ ስታርፍ፣ ሞቷን የዘገቡት ጋዜጦች ሕይወቷን ያጠቃለሉት በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር። ሁለት ኦስካር የወሰደች የሲኒማ ተዋናይት፤ ሙያዋን ትታ የእንግሊዝ ፓርላማ የገባች ፖለቲከኛ፤ በ80 ዓመቷ ወደ መድረክ ተመልሳ ንጉሥ ሊርን የተጫወተች ጉደኛ አሮጊት። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐሰት የሚባል የለም። ይሁን እንጂ ትዝታ እንዲህ ተጠቅልሎ ሲቀርብ ዋናው ነገር ሾልኮ የሚወጣበት ቀዳዳ አያጣም፤ በዚህች ሴት ትዝታ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ቴሌቪዥን ነው። በካሜራ ፊት ከሠራችው ሁሉ ትልቁና ጥልቁ ያለው ሽልማት ባጀበው በሲኒማ ሸራ ላይ ሳይሆን፣ ሰው እራቱን በልቶ ቁጭ ብሎ በሚያየው የቴሌቪዥን መስኮት ላይ ነው ባይ ነኝ። ሁለቱ ኦስካሮች ከፊታችን ተገትረው ይህን ጋርደውብናል። እናቷ እነዚያን ሐውልቶች ስትወለውላቸው የወርቅ ቅባቸው ተፋቀ ይባላል፤ እኛም እስቲ ትንሽ ፈቅፈቅ አድርገን ከሥር ያለውን እንይ።

የተወለደችው በ1936 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከሊቨርፑል ወንዝ ማዶ ባለችው በርከንሄድ ነው። አባቷ ግንበኛ፣ እናቷ በጽዳትና በመሸጫ ቤት ሥራ የምትተዳደር ሴት ነበሩ። ስሟን የወሰዱላት ከሆሊውዷ ተዋናይት ከግሌንዳ ፋሬል መሆኑን የሚሰማ ሰው ሲኒማ ገና በእቅፍ ሳለች የጠራት ይመስለዋል፤ የሲኒማ ሰዎች ግን ለብዙ ዓመታት አልጠሯትም። ከትምህርት ቤት ወጥታ ሁለት ዓመት ቡትስ በተባለው መድኃኒት ቤት በሽያጭ ሠራተኛነት ቆየች፤ ከዚያ በነፃ የትምህርት ዕድል ለንደን ወደሚገኘው ራዳ ወደሚባለው የድራማ አካዳሚ ገባች። እዚያም ከ40 ዓመቷ በፊት ብዙ ሥራ እንዳትጠብቅ ተነገራት። መልኳ የዋና ተዋናይት ሳይሆን የአጃቢ ነው ማለታቸው ነበር። ትንቢቱ ባይሠራም የታያቸው ነገር ትክክል ነበር። የዘመኑ ሲኒማ ከሴት ፊት የሚሻው፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚለሰልስ ነገር ነበር፤ የእሷ ፊት ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ይብሱን ይስላል። የጉንጯ አጥንት ጎልቶ ይወጣል፣ አፏ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፣ ዓይኗ ተመልካቹን ከማባበል ይልቅ ይመረምረዋል። ለዓመታት በትንንሽ ቴአትር ቤቶችና በሥራ አጥነት መካከል ስትመላለስ ቆይታ፣ በ1964 በፒተር ብሩክ አዘጋጅነት በ«ማራ/ሳድ» ሻርሎት ኮርዴን ስትጫወት ነው የለንደን ሰው ዞር ብሎ ያያት። ያ ተውኔት በ1967 ፊልም ሆነ። እስከዚያ ድረስ ግን የካሜራ ሰው አይደለችም፤ ካሜራ የደረሰባት የመድረክ ሰው ናት።

ለክርክሬ በጣም አስቸጋሪ ከሆነው ማስረጃ ልጀምር፤ እሱን ሸሽቶ ማምለጥ አይቻልምና። የኬን ራስል «ሴቶች በፍቅር» በ1969 የወጣ፣ ከዲ. ኤች. ሎረንስ ልቦለድ የተወሰደ ፊልም ነው፤ ግሌንዳ ጃክሰን በእሱ ውስጥ ቀራጺዋን ጉድሩንን ሆናለች። ረጃጅም ቀንድ ባላቸው ከብቶች ፊት እጆቿን ዘርግታ የምትጨፍርበትን ትዕይንት ያየ ሰው፣ ይህች ሴት ለትልቁ ሸራ አልተፈጠረችም ቢሉት ይስቃል። ሜዳው፣ ከብቶቹ፣ ኋላም የስዊዘርላንድ በረዶ፣ ሁሉም የሲኒማን ስፋት የሚጠይቁ ናቸው፤ እሷም መሐላቸው ቆማ አላነሰችም። የመጀመሪያውን ኦስካር ያስገኘላት ይህ ፊልም ነው፤ ሽልማቱ አፕሪል 15 ቀን 1971 ሲሰጥ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ፊልሙን ማሳነስ አይገባም፣ እኔም አላሳንሰውም። የምለው ሌላ ነው፤ ጉድሩን ታላቅ ሥራ ብትሆንም የአንድ ስሜት ሥራ ናት። ትዕቢቷ፣ ጭካኔዋ፣ የሰውን ደካማ ጎን አሽትታ የማግኘት ችሎታዋ ከመጀመሪያው ትዕይንት ይታያል፤ እስከ መጨረሻው እየጠነከረ ይሄዳል እንጂ መልኩን አይለውጥም። በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ከዚህ በላይ መጠየቅ ግፍ ይሆናል። ተዋናይቷ ግን ከዚህ በላይ ትችል ነበር፤ መቻሏም ሽልማቱ ከመድረሱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ በእንግሊዝ ቤቶች ውስጥ ታይቶ አልቆ ነበር።

ከፌብሩዋሪ 17 እስከ ማርች 24 ቀን 1971 ቢቢሲ በሁለተኛው ጣቢያው «ኤልሳቤጥ አር» የተባለውን ድራማ በስድስት ክፍል አሳየ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ፣ ለብቻው የቆመ ተውኔት ነው፤ ጸሐፊዎቹም ስድስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በቀደመው ዓመት ተመልካቹ የድራማዋን ባለታሪክ የንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊትን አባት የሄንሪ ስምንተኛን ስድስት ሚስቶች ታሪክ በዚያው ቤት አይቶ ስለነበር፣ የቱዶር ዘመን አልባሳትና ሽንገላ ለዓይኑ እንግዳ አልነበረም። አዲሱ ነገር ፊቷ ነበር። በ34 ዓመቷ የነበረችው ግሌንዳ ጃክሰን በመጀመሪያው ክፍል አንገቷ በገመድ ላይ ያለ ወጣት ልዕልት ሆና ትጀምራለች፤ በስድስተኛው በ69 ዓመቷ የምትሞት ንግሥት ሆና ትጨርሳለች። ለንግሥቲቱ ሰፊ ግንባር ብላ ፊት ለፊት ያለውን ፀጉሯን ተላጨች፣ አፍንጫዋ ላይ ሰው ሠራሽ ጉብታ ተለጠፈባት፣ ዘመኑ ከሚጠይቀው ሙያ ደግሞ የእጅ ጽሕፈቱንም ጭፈራውንም ፈረስ በጎን መቀመጡንም ተማረች። ይህ ሁሉ የሜካፕና የልምምድ ሥራ ነው፤ ትጋትን እንጂ ጥበብን አያስረዳም። ጥበቡ ያለው ድምፅዋ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልዕልቲቱ ስትናገር ቃላቱን ትመዝናለች፤ አንድ የተሳሳተ መልስ ወደ ሞት እንደሚወስዳት ታውቃለችና። ከነገሠች በኋላ ያው ጥንቃቄ ይቀራል፣ ዓላማው ግን ይገለበጣል። አሁን ቃል የምትመዝነው ራሷን ለማትረፍ ሳይሆን ሌላውን ለማጥመድ ነው። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ፣ በወፍራም ነጭ ቅብ ሥር፣ የልማዱ ቅርፊት ብቻ ቀርቶ ታየዋለህ፤ የሚያጠምደው ሰው ሁሉ አልቆ ጥንቃቄው ብቻውን ቀርቷል። ይህን ዓይነት ለውጥ ለማሳየት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ሲኒማ ዘጠኝ ሰዓት የለውም።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል ዕድል ራሷ ማነጻጸሪያ አዘጋጅታልናለች። በዚያው በ1971 ግሌንዳ ጃክሰን ያችኑ ንግሥት በትልቁ ሸራም ተጫውታለች። ፊልሙ በቻርልስ ጃሮት የተዘጋጀው «ሜሪ፣ የስኮትላንዶች ንግሥት» ነው፤ ሜሪን የሆነችው ቫኔሳ ሬድግሬቭ ናት። አንዲት ተዋናይት፣ አንዲት ንግሥት፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት የካሜራ ዓለም፤ ከዚህ የተሻለ ፈተና አዘጋጁ ቢባል እንኳ ማን ያዘጋጃል? ፊልሙ ቆንጆ ነው፤ ገንዘብ ፈሶበታል፣ ቤተ መንግሥቱም ፈረሱም እውነተኛ ይመስላሉ። ኤልሳቤጥ ግን እዚያ ውስጥ የሜሪ ተቃራኒ ከመሆን አታልፍም። አንዷ ልቧን፣ ሌላዋ ጭንቅላቷን ትከተላለች፤ ጸሐፊው ይህን መስመር ካሰመረ በኋላ ማንም አይሻገረውም። በታሪክ ሁለቱ ንግሥቶች ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ ፊልሙ ግን ለሁለት ኮከቦች ከፍሎ ሳያገናኛቸው መጨረስ አላስቻለውምና አንዴም ሳይሆን ሁለቴ ያገናኛቸዋል። የቴሌቪዥኑ ድራማ በአራተኛው ክፍል ያችኑ ሜሪን በቪቪያን ፒክልስ በኩል አምጥቶ ሳያገናኛቸው ይተዋቸዋል፤ ድራማውን የሚያወጣውም ከዚሁ አለመገናኘት ነው። ኤልሳቤጥ አይታት የማታውቃትን ዘመዷን በወረቀት ላይ መግደል አለባት። መፈረም ትፈልጋለች፣ የፈረመች መባልን ግን አትፈልግም፤ ሥልጣን ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ማመንታት ግሌንዳ ጃክሰን የምትሠራው በዓይኖቿና በትንፋሿ ነው እንጂ በንግግር አይደለም። ፊልሙ ውስጥ ንግሥቲቱ ብልህ እንደሆነች ይነገረናል። በቴሌቪዥኑ ስታስብ እናያታለን።

ሚዛኑ የተዛባ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ፊልሙ የሜሪ ነው፣ ድራማው የኤልሳቤጥ ነው፤ አጃቢን ከባለቤት ጋር ማወዳደር ምን ይባላል? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ፊልሙ የኤልሳቤጥ ቢሆን ኖሮስ? ስለዚያች ንግሥት በየዘመኑ የተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ከሕይወቷ አንዱን ወቅት መምረጥ ግድ ሆኖባቸዋል፤ ወይ ወጣትነቷን፣ ወይ የስፔኑን አርማዳ ጊዜ፣ ወይ ከባለሟሏ ከኤሴክስ ጋር የነበራትን የስተርጅና ነገር። ይህ የአዘጋጆች ስንፍና አይደለም፣ የቅርጹ ጠባይ ነው። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ድራማ ቴአትርን በካሜራ ከመቅዳት አያልፍም የሚለው። ግድግዳው ሰሌዳ መሆኑ ያስታውቃል፣ መብራቱ ሁሉን እኩል ያጥለቀልቃል፣ የስፔን መርከቦች ሲመጡም ጦርነቱን ይበልጡን የምንሰማው ከሰዎች አፍ ነው። እውነት ነው። ሆኖም ሥራው እንዴት ይቀረጽ እንደነበር ማወቅ ነገሩን ይለውጠዋል። ሲኒማ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ካሜራ፣ ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቅ፣ ቁርጥራጭ አድርጎ ይቀርጻል፤ የተዋናይን ሥራ ኋላ የሚሰፋው አርታኢው ነው። የቢቢሲ ስቱዲዮ ግን ብዙ ካሜራ ዙሪያውን አቁሞ፣ ቀደም ብሎ የተለማመደውን ረጅም ትዕይንት ሳያቋርጥ ይቀዳ ነበር። ተዋናይዋ እንደ መድረክ የሐሳቧን ክር ሳትበጥስ ትጓዛለች፤ ሌንሱ ደግሞ እንደ ሲኒማ ከፊቷ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ከሁለቱም ወገን ምርጡን የሰጠ አሠራር ነበር፤ ብዙም ዕድሜ ሳይኖረው አለፈ። ጥላና ብርሃን የሚያስጌጣት ተዋናይት በዚያ መብራት ሥር ራቁቷን ትቀራለች። ግሌንዳ ጃክሰን ግን ከመጀመሪያውም የሚያስጌጣትን አልፈለገችም።

ያ ሁሉ ሥራ ዛሬ መኖሩ ራሱ ሊያስገርም ይገባል። የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ የቀዳቸውን ድራማዎች ደምስሶ በቴፑ ላይ ሌላ ይቀዳበት ነበር፤ በዚህ መንገድ ስንት ታላቅ ትወና እንደ ጠፋ የሚያውቅ የለም። ፊልም ግን ንብረት ነው፤ በቆርቆሮው ውስጥ ተቀምጦ፣ በየሲኒማ ቤቱ እየዞረ፣ በየአሥር ዓመቱ እየታደሰ ይኖራል። የአንድ ዘመን ተዋናዮችን በፊልሞቻቸው ብቻ የምናስታውስበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የቀረው ያልቀረውን አስረሳ እንጂ የቀረው ሁሉ የበለጠ ስለሆነ አይደለም። «ኤልሳቤጥ አር» ከዚያ ዕጣ አመለጠ፤ በ1972 ወደ አሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ተሻግሮም ለግሌንዳ ጃክሰን ሁለት ኤሚ አስገኘላት። ከሁለቱ አንዱ ለሦስተኛው ክፍል ብቻ የተሰጠ ነው፤ ንግሥቲቱ ከፈረንሳዩ ልዑል ከአላንሶን ጋር ትዳር ልትይዝ ጫፍ ደርሳ የምትመለስበት ክፍል ነው። እንግዲህ ሁለት ኦስካር አላት ከተባለ ሁለት ኤሚም አላት። የመጀመሪያዎቹን ሁሉም ይቆጥራል፤ ሁለተኛዎቹን የሚያነሳቸው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ኦስካር ራሱ ከየት እንደመጣ ቢጠየቅ ደግሞ መልሱ ያዝናናል። በጁን 1971፣ ንግሥቲቱ ከተቀበረች ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ግሌንዳ ጃክሰን በሞርከምና ዋይዝ የቀልድ ዝግጅት ላይ ክሊዮፓትራ ሆና ቀረበች። ኧርኒ ዋይዝ ጻፍኩት የሚለው ተውኔት ሰዋስው የፈረሰበት፣ ትርጉሙ የጠፋ ነው፤ ቀልዱ ሙሉ በሙሉ የቆመው እሷ ያን ዝባዝንኬ እንደ ሼክስፒር በሙሉ ክብር መናገሯ ላይ ነው። ፈገግ ብትል ነገሩ ያበቃ ነበር፤ አላለችም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሜልቪን ፍራንክ ያንን አይቶ፣ ይህች ሴት ኮሜዲ ትችላለች ብሎ ከጆርጅ ሲጋል ጋር በ«ኤ ተች ኦፍ ክላስ» አሠራት፤ ፊልሙ በ1973 ወጣ፣ ኦስካሩም ተከተለ። ፊልሙን ዛሬ የሚያየው ሰው ደስ የሚል፣ ቀለል ያለ፣ ባለትዳር ወንድና የፈታች ሴት ወደ ስፔን የሚሄዱበት ኮሜዲ ያገኛል፤ ከዚያ የዘለለ አያገኝም። ዓለም በወርቅ ያስቀመጠው ቅጂውን ነው። ዋናው ለጥቂት ደቂቃ በቴሌቪዥን የታየው ክሊዮፓትራ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ያለው ድፍረት ከፊልሙ ይበልጣል።

ከፊልሞቿ ሁሉ ክርክሬን ሊያፈርስ የሚችለው አንድ ነው፤ የጆን ሽሌሲንገር «ሰንደይ ብለዲ ሰንደይ»። እሱም የ1971 ነው (ያ ዓመት እንዴት ያለ ዓመት ነበር!)። አሌክስ ግረቪል ለንደን ውስጥ የምትኖር ባለሥራ ሴት ናት፤ የምትወደውን ወጣት ከአንድ በዕድሜ ከገፋ ሐኪም ጋር እያወቀች ትጋራዋለች። ሐኪሙን ፒተር ፊንች፣ ወጣቱን መሪ ሄድ ተጫውተውታል። በእኔ ግምት ይህ ከፊልሞቿ ሁሉ የላቀው ነው፤ ኦስካር ባይወስድም የእንግሊዙን ባፍታ ወስዳበታለች። ግን ፊልሙ ከምን ተሠርቷል? ከክፍሎች፣ ከስልክ ጥሪዎች፣ ከዝናባማ መስኮቶች፣ ለማፍላት እንኳ ትዕግሥት አጥታ ከቧንቧ በተቀዳ ሙቅ ውሃ ከምትበጠብጠው ቡና። ፔኔሎፒ ጊሊያት የጻፈችው ታሪክ አሥር ቀን ብቻ ይፈጃል፤ ትልቅ ነገር አይሆንበትም፣ ማንም አይሞትም፣ ማንም በር አይሰብርም። አሌክስ የያዘችው ግማሽ ፍቅር ከምንም አይሻልም ብላ ትወስናለች፣ ያንን ውሳኔም ፊቷ ላይ እናነባለን። ሸራው ትልቅ ቢሆንም ሥራው የቅርብ፣ የቤት ውስጥ፣ የቴሌቪዥን መጠን ያለው ሥራ ነው። ስለዚህ ይህ ፊልም ክርክሬን የሚያፈርስ መስሎ ገብቶ ያጠነክረዋል፤ ሲኒማ ከእሷ ምርጡን ያገኘው ሲኒማነቱን ዝቅ አድርጎ በተጠጋት ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ቶሎ ማለፍ ይቻላል። በ1975 በትሬቨር ነን አዘጋጅነት «ሄዳ»ን ሠርታ ለኦስካር ታጨች፤ በ1978 «ስቲቪ» በተባለው ፊልም ባለቅኔዋን ስቲቪ ስሚዝን ሆነች፤ ሁለቱም ከመድረክ የመጡ፣ በክፍል ውስጥ የሚያልቁ ታሪኮች ናቸው። የቀረው ይበልጡን ከዋልተር ማታውና ከጆርጅ ሲጋል ጋር የሠራቻቸው የአሜሪካ ኮሜዲዎች ናቸው። መጥፎ አይደሉም፤ ይሁንና ከ40 ዓመት ያለፈችን ብልህ ሴት ምን እንደሚያደርጋት ሲኒማው ግራ እንደገባው በግልጽ ያሳያሉ። ምላሷ የሚወጋ፣ በመጨረሻ ግን ለወንዱ የምትረታ ሴት ያደርጓታል። በዚሁ ጊዜ ቴሌቪዥን ምን ይሰጣት ነበር? በ1981 ፓትሪሺያ ኒልን ሰጣት። አሜሪካዊቷ ተዋናይት በ1965 ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ንግግርና እርምጃ እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው የተማረች ናት፤ ባሏን ሮልድ ዳልን የተጫወተው ደርክ ቦጋርድ ነው። በ1984 የሩሲያዊውን ሳይንቲስት የሳካሮቭን ባለቤት የለና ቦነርን ሰጣት። አንደኛዋ ቃል ጠፍቶባት የምትፈልግ፣ ሁለተኛዋ ቃል የተከለከለባት ሴት ናቸው፤ ሁለቱም ለወንድ አይረቱም። ሲኒማው ያላወቀበትን ዕድሜ ቴሌቪዥኑ አውቆበታል፤ እናቶችና አያቶች ቁጭ ብለው የሚያዩት መስኮት ስለሆነ ይሆናል።

በ1992 ከለንደን የሃምፕስተድና ሃይጌት ወረዳ የሌበር ፓርቲ ተወካይ ሆና ፓርላማ ገባች፤ እስከ 2015 ለ23 ዓመት እዚያው ቆየች። በ2010 ምርጫ ያሸነፈችው በ42 ድምፅ ብቻ ነው። ትወናን የሚወዱ ሰዎች ይህን ዘመን እንደ ጠፋ ጊዜ ያዝኑበታል። እኔ ሐዘኑ አይገባኝም። የቶኒ ብሌር መንግሥት ምክትል የትራንስፖርት ሚኒስትርነት ከኮሜዲ ፊልም ያነሰ ሥራ አይደለም፤ በኢራቅ ጦርነት ላይም የገዛ ፓርቲዋን መንግሥት ፊት ለፊት ተቃውማለች። በዚያ ላይ ከካሜራ ፈጽሞ አልራቀችም፤ የእንግሊዝ ምክር ቤት ከ1989 ጀምሮ ስብሰባውን በቴሌቪዥን ያስተላልፍ ነበርና። ማርጋሬት ታቸር ሞታ ምክር ቤቱ በአፕሪል 2013 ሲያወድሳት፣ ግሌንዳ ጃክሰን ተነስታ የታቸር ዘመን በድሃው ላይ ያደረሰውን ዘረዘረች፤ ከወዲያኛው ወንበር ሲጮሁባት ድምፅዋን ሳትለውጥ ቀጠለች። ይህን ከትወናዋ ጋር መደመር ለእሷም ለፖለቲካዋም ንቀት ይሆናልና አልደምረውም። ግን ያን ንግግር በስክሪን ያየ ሰው የ1971ዱን ጥንቃቄ ያስታውሳል፤ እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ ነው የሚወጣው።

በዲሴምበር 2019 ቢቢሲ በዋናው ጣቢያው «ኤልሳቤጥ ጠፍታለች» የተባለ ፊልም አሳየ፤ ከኤማ ሂሊ ልቦለድ የተወሰደ፣ በአሽሊን ዎልሽ የተዘጋጀ፣ ርዝመቱም እንደዚያ ዘመን አንድ ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሆነ ሥራ ነው። ግሌንዳ ጃክሰን በስክሪን ድራማ ከታየች 27 ዓመት አልፎ ነበር። ሞድ የመርሳት በሽታ የያዛት አሮጊት ናት፤ ኤልሳቤጥ የምትባል ወዳጇ ጠፍታለች ብላ ትፈልጋለች፣ ማንም አይሰማትም። በየኪሷ የሞላው ብጥስጣሽ ወረቀት ዛሬን ያስታውሳታል፤ ከጦርነቱ በኋላ በወጣትነቷ ዘመን የጠፋችው እህቷ ሱኪ ግን ያለ ወረቀት ትመጣባታለች። ብዙ ተዋናዮች ይህን በሽታ ሲጫወቱ ርኅራኄያችንን ይለምናሉ፤ ዓይናቸው ይርሳል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ተመልካች ያለቅሳል። ሞድ ግን ትቆጣለች። ልጇን ታስቸግራለች፣ ሰው ፊት ታፍራለች፣ ማፈሯም ደግሞ ያስቆጣታል። አእምሮዋ እየከዳት ያለች ሴት የቀረላትን አእምሮ በሙሉ ኃይሏ ስትሠራበት እናያለን፤ ከ1971 ጀምሮ የዚህች ተዋናይት ልዩ ችሎታ ሰው ሲያስብ ማሳየት ነው ካልን፣ እዚህ የምታሳየን ማሰብ ሲፈርስ ነው። በ2020 የባፍታ የቴሌቪዥን ሽልማትንና ዓለም አቀፉን ኤሚ ወሰደችበት። እኔን የሚገርመኝ ሽልማቱ ሳይሆን 27 ዓመት ዕረፍት ያልጎዳው መሆኑ ነው። የሊር ልምምድ አግዟት ይሆናል።

ሊርን ካነሳን ግን የመጨረሻውን ተቃውሞ መስማት ግድ ነው፤ ይህች ሴት በመሠረቱ የመድረክ ሰው ናት፣ በትልቁም ሆነ በትንሹ ስክሪን መመዘን ስሕተት ነው የሚለውን። በ2016 በለንደኑ ኦልድ ቪክ የቆመውን ሊር ያዩ ሰዎች እንዲህ ቢሉ አልፈርድባቸውም። በ2018 በብሮድዌይ በ«ሦስት ረጃጅም ሴቶች» ያገኘችው ቶኒም ምስክራቸው ነው። ይሁን እንጂ መድረክ ለተገኘበት ሰው ነው። ያላየው ሰው የሚያስታውሰው የሌላውን ወሬ ነው፤ በወሬ ላይ ክርክር አይቆምም። እዚህ የተነሳው ጥያቄ ደግሞ ለካሜራ ከተሠራው የትኛው ይበልጣል የሚል ነው፤ መድረኩ ለዚያ መልስ አይሰጥም፣ ከየት እንደመጣች ብቻ ይነግረናል። በዚያ ላይ ከመድረክ ያመጣችውን ያለ ቅናሽ የተቀበላት ቴሌቪዥን እንጂ ሲኒማ አልነበረም።

የመጨረሻ ሥራዋ ፊልም መሆኑን አልደብቅም። «ዘ ግሬት ኤስኬፐር» የወጣው ካረፈች በኋላ በኦክቶበር 2023 ነው፤ ከማይክል ኬን ጋር ከ«ዘ ሮማንቲክ ኢንግሊሽዉማን» 48 ዓመት በኋላ አገናኛት። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ በርናርድ ጆርዳን የተባለ የ89 ዓመት የባሕር ኃይል አንጋፋ በ2014 ሆቭ ከሚገኘው የአረጋውያን መጦሪያ ሾልኮ ብቻውን ወደ ኖርማንዲ መሄዱ፣ የተባባሪዎቹ ጦር እዚያ ያረፈበትን 70ኛ ዓመት ለማክበር። ዳይሬክተሩ ኦሊቨር ፓርከር ሥራውን በሁለት ከፍሎታል። ባልየው መርከቡን፣ ባሕሩን፣ የመቃብሩን ነጫጭ ረድፍ፣ ባጠቃላይ ለትልቅ ሸራ የሚሆነውን ሁሉ ወስዷል። ሚስቱ ሬኒ የምትቀረው በመጦሪያው ክፍል ውስጥ ነው፤ የት እንደሄደ እያወቀች ነርሶቹን ታዘናጋለች፣ ከወጣቷ አስታማሚ ጋር ታወራለች፣ ስልክ ትጠብቃለች። ፊልሙን ያየ ሰው ከሁለቱ ክፍሎች የትኛው እንደበለጠ ይፍረድ። እኔ ካሜራው ወደ ኖርማንዲ በሄደ ቁጥር ወደዚያ ክፍል የሚመለስበትን ጊዜ ነው የምጠብቀው።